መቀሌን ከሄሊኮፕተር ለማንሳት፦ መጀመሪያ አየሩ ይመዘን

ከሄሊኮፕተር ፎቶ ለማንሳት የሚዘጋጅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ካሜራው ነው። መቀሌ ላይ ግን ቅድሚያ የሚገባው አየሩ ነው። የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,250 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ፣ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ቀን፣ አየሩ መደበኛ ከሚባለው የባሕር ጠለል አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። የሄሊኮፕተሩ ተሽከርካሪ ክንፍ 3,000 ሜትር ላይ እንዳለ ያህል ይለፋል ማለት ነው። የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል፤ እሱም የሚተነፍሰው ያንኑ አየር ነውና።

ፎቶ አንሺ ደግሞ አብራሪውን የሚለምነው “እዚች ጋ ትንሽ ቁምልኝ” ብሎ ነው። ከምድር ርቆ በአየር ላይ ቆሞ መቆየት ቀላል ይመስላል እንጂ፣ ሄሊኮፕተር ከሚሠራው ሥራ ሁሉ እጅግ ጉልበት ከሚጠይቁት አንዱ ነው። ወደፊት ሲበር ክንፉ በየቅጽበቱ ያልተረበሸ አየር ያገኛል። ሲቆም ግን ራሱ ወደ ታች በገፋው አየር ውስጥ ይዋኛል፤ ለመሬት ሲቀርብ የሚያገኘው ድጋፍም ከፍ ሲል ይጠፋል። ስለዚህ መቀሌ ላይ ሥራው የሚታቀደው በዝግታ ዙሪያ እየዞሩ ለማንሳት ነው። እያንዳንዱ ሰው ከነዕቃው ይመዘናል፤ ነዳጁም ለጉዞውና ለመጠባበቂያ የሚበቃው ብቻ ይሞላል። ዲዲዬ ዴልሳል የተባለው ፈረንሳዊ አብራሪ በ2005 እ.ኤ.አ. ኤቨረስት ጫፍ ላይ ሄሊኮፕተር ሲያሳርፍ ብቻውን ነበር፤ ሄሊኮፕተሩም ክብደቱ ተቀንሶለት ነበር።

የበረራው ሰዓት ጠዋት መሆን አለበት። 12 ዲግሪ ላይ ያለ አየር ከ25 ዲግሪው በ4.5 በመቶ ገደማ ይወፍራል፤ አንድ ቶን ለሚመዝን ሄሊኮፕተር ይህ በግምት የ45 ኪሎ የማንሳት አቅም ነው። ከቀትር በኋላ ከሞቀው መሬት የሚነሳው አየርም መናወጥ ያመጣል። ብርሃኑም ቢሆን ለጠዋት ያደላል፦ ከመቀሌ በስተ ምሥራቅ ወደ አፋር የሚወርደው ታላቅ ገደል ፊቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይውጠዋል። ከወራቱ ጥቅምትን እመርጣለሁ። ክረምቱ አቧራውን አጥቦታል፣ መሬቱም አረንጓዴነቱን ገና አልጨረሰም።

አፋር ውስጥ እስካለው ዳሎል የሚወርድ ደግሞ ሌላ ስሌት ይጠብቀዋል። ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለሆነ አየሩ ወፍራም ነው፤ ሙቀቱ ግን ከባድ ነው። አስቸጋሪው መመለሻው ነው፤ ረፋዱ ላይ ከ2,000 ሜትር በላይ መልሶ መውጣት አለና። በጠዋቱ ቅዝቃዜ የተሠራ ስሌት ለመልሱ አያገለግልም።

ስለ ካሜራው አጭር ነገር ልበል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር ሄሊኮፕተር በሰከንድ አንድ ሺኛ ውስጥ የሚሄደው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፎቶውን የሚያደበዝዘው በዋናነት ንዝረቱ ነው። የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት ከአንድ ሺኛ ሰከንድ አታውርዱ፤ ክንዳችሁንም ሆነ ሌንሱን ከበሩ ጠርዝ ጋር አታስደግፉ። ለማንሳት እንዲመች የሄሊኮፕተሩ በር ከተነቀለ በበረራ ላይ ሌንስ መቀየር አይቻልም። ኮፍያም ሆነ የሌንስ ክዳን ካመለጠ የጭራውን ተሽከርካሪ ሊመታ ይችላልና፣ ያልታሰረ ነገር ይዞ አለመግባት የሕይወት ጉዳይ ነው። ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚገኘው ፈቃድ ደግሞ ከሁሉም አስቀድሞ መያዝ አለበት።

ኢትዮጵያን ከአየር ማንሳት አዲስ ነገር አይደለም፦ ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ጦር አገሩን ከአውሮፕላን ፎቶ አንስቶ ነበር። ዓላማው ወረራ ነበር። በየሰሌዳው አራት አራት ፎቶ የተለጠፈባቸው ከ8,000 በላይ ሰሌዳዎች አዲስ አበባ ውስጥ ተቀምጠው ቆይተው፣ የመቀሌና የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ቡድን ለሳይንስ አበቃቸው። አንዱ ፎቶ ቀጥታ ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ግራና ቀኝ ዘንበል ብለው፣ አራተኛው ይበልጥ አግድም የተነሳ ነው። በእነሱ አማካይነት የትግራይ መሬት የዛሬ ዘጠና ዓመት ገደማ የት የት ተራቁቶ እንደነበር ከዛሬው ጋር ማነጻጸር ተችሏል። ማነጻጸር የሚቻለው ግን ፎቶው የት፣ መቼ እና ከየትኛው ከፍታ እንደተነሳ ሲታወቅ ነው።

ስለዚህ ወደ መቀሌ ሰማይ ካሜራ ይዛችሁ የምትወጡ ሁሉ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ከፍታውንና የሌንሱን ዓይነት መዝግቡ፤ አንድ ቅጂም ለመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ስጡ።