የስኩተር መፍቻዎን በቤትዎ ይሥሩ

በለንደን ጥቁሩን ታክሲ ለመንዳት አረንጓዴውን ባጅ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚገዛው ታክሲ ሳይሆን ሞተር ሳይክል ነው። እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ ያለው «ኖሌጅ» የተባለው ፈተና፣ ከቻሪንግ ክሮስ ዙሪያ በ6 ማይል ክልል ውስጥ ያሉትን 25,000 ያህል መንገዶች በቃል ማወቅን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ለመጨረስ 3 እና 4 ዓመት መፍጀቱ የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ መንገድ የሚጠናው ዝርዝሩን መሪ ላይ ለጥፎ፣ በ125 ሲሲ ስኩተር በብርድና በዝናብ በመዞር ነው። ማታ ደግሞ በዚያችው ስኩተር ምግብ እያደረሰ የቤት ኪራዩን የሚከፍል ወገን አለ። ስለሆነም ስኩተሯ የቆመችበት ቀን ጥናትም ገቢም የሌለበት ቀን ነው።

ጋራዥ ሲሄዱ የሚከፍሉት ገንዘብ አብዛኛው የእጅ ዋጋ እንጂ የዕቃው ዋጋ አይደለም። እጅ ያለው ሰው ራሱ እንዳይሠራው የሚያግደው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ልዩ መሣሪያ ማጣቱ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ አንባቢ ግን ከቁርጥራጭ ብረት ምን ሊሠራ እንደሚችል አይጠፋውም።

በቺንጋው እንጀምር። ብዙ ስኩተር ካቴና የለውም፤ ኃይሉን ከሞተር ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው በግራ በኩል ካለው ክዳን ሥር የሚገኝ የጎማ ቺንጋ ነው። ይህ ቺንጋ ሲበጠስ ሞተሩ እየጮኸ ስኩተሩ አይንቀሳቀስም። የመለወጫውን ጊዜ የሚነግርዎ የስኩተሩ መመሪያ መጽሐፍ ነው። ችግሩ የፊተኛውን ፑሊ የያዘውን ዳዶ ለመፍታት ሲሞክሩ ሞተሩም አብሮ መዞሩ ነው። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ካቻቪቴ ወስዶ በፑሊው ክንፎች መካከል ይሸጉጣል። ክንፎቹ አሉሚኒየም ናቸውና ይሰበራሉ፤ አንዳንዴም የሞተሩ ቤት አብሮ ይሰነጠቃል። አሥር ፓውንድ ለማትረፍ የብዙ መቶ ፓውንድ ጉዳት ማለት ይህ ነው።

መያዣውን እንደሚከተለው ይሥሩት። 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ጠፍጣፋ ብረት አንዱን 50፣ ሌላውን 20 ሳንቲ ሜትር አድርገው በሰጌቶ ይቁረጡ። አጭሩን ከረጅሙ ጋር፣ ከረጅሙ ጫፍ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ገባ ብለው፣ በአንድ ብሎን እንደ መቀስ ያያይዙት። በሁለቱም ጫፍ ላይ በትራፓኖ ቀዳዳ አውጥተው፣ ወደ አንድ ወገን አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚወጣ ብሎን በዳዶ አጥብቀው ይሰሩበት። እነዚህ ሁለት ጥርሶች በፑሊው ወይም በኋላው የፍሪሲዮን ከበሮ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይገባሉ። ረጅሙን ክንድ በአንድ እጅ ይዘው በሌላው ዳዶውን ይፈቱታል። የብሎኑን ውፍረት ብረት ከመግዛትዎ በፊት ከቀዳዳው ይለኩ፤ የእርስዎ ስኩተር ቀዳዳ ከሌለው ግን ይህ መያዣ አይሆንዎትም። ለብየዳ የሚቸኩል ካለ፣ ዚንክ የተቀባ ብረት ሲበየድ ጢሱ መርዝ ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ ብየዳ ጨርሶ አያስፈልግም።

አዲሱን ቺንጋ ሲያስገቡ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልግ ጥንቃቄ አለ። በቅድሚያ የኋላውን ፑሊ ከፈት አድርገው ቺንጋውን ወደ ውስጥ ጠልቆ እንዲገባ ይጫኑት፤ ያን ጊዜ ከፊት በኩል ይላላል። ይህን ካላደረጉ ቺንጋው በፊተኛው ፑሊ ሁለት ፊቶች መካከል ይቆነጠጥና ዳዶው የጠበቀ ይመስላል። ጥቂት እንደነዱ ግን ይላላል። ፑሊው ላይ ዘይትም ሆነ ግራሶ አያስነኩ።

ሁለተኛው የቸርኬ ኩሽኔታ ነው። ጎማው ሲወዛወዝ ወይም ሲያጉረመርም ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ማውጫው ግን ከግንባታ ዕቃ መደብር ይገኛል፦ ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ሲጠበቅ የሚያብጠው ብሎን። በኩሽኔታው ቀዳዳ ልክ የሆነውን መርጠው ያስገቡና እስኪነክስ ያጥብቁት፤ ከዚያም ከሌላው ወገን ፌሮ አስገብተው በመዶሻ ይምቱ። አሮጌውን ኩሽኔታ አይጣሉት። ዙሪያውን በሞረድ ጥቂት ካሳነሱት ለአዲሱ መግፊያ ይሆናል። ምቱ በውጭኛው ቀለበት ላይ ብቻ ይረፍ፤ ውስጠኛውን ከመቱ ገና ሳይነዱት ኳሶቹን አበላሽተዋል።

የማይሠሩትም አለ። ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የሚያጠብቁበትን ኃይል የሚለካው መፍቻ፣ ይገዛል እንጂ አይገመትም። በጃፓን ስኩተሮች ላይ ያለው ባለመስቀል ብሎንም ከተለመደው የተለየ ቅርጽ ስላለው በተራ ካቻቪቴ ራሱ ይላጫል፤ የጃፓኑን ካቻቪቴ መግዛት ይሻላል። የፍሬን ዘይት ለመለወጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ቱቦና አንድ ማሰሮ በቂ ነው፤ የቱቦው ጫፍ ማሰሮው ውስጥ ባለው ዘይት ይጥለቅ፣ አየር እንዳይመለስ። የፍሬን ዕቃ ግን በቤት አይፈበረክም። የሚድነው ገንዘብ ከነፍስዎ አይበልጥም።

ከጥገናው በተጨማሪ ወረቀትዎንም ይመልከቱ። ሞተር ሳይክሉ ሦስት ዓመት ከሞላው በየዓመቱ የኤም ኦ ቲ ምርመራ ግዴታ ነው፤ በእጅዎ የሠሩትን ሌላ ዓይን የሚያይበት በመሆኑ ይጠቅማል። ለመዝናኛና ወደ ሥራ ለመሄድ ብቻ የተገዛ ኢንሹራንስ በክፍያ ምግብ ማድረስን አይሸፍንም። ያለ ኢንሹራንስ መንዳት 300 ፓውንድና 6 ነጥብ ሊያስከትል ስለሚችል፣ ታክሲ ፈቃድ ለሚጠብቅ ሰው ከብሩ ይልቅ ነጥቡ ይከብዳል። የተማሪ ቪዛ ያላችሁ በግል ተቀጣሪነት ምግብ ማድረስ አይፈቀድላችሁም። የመኖሪያ ፈቃዱ በጊዜ የተገደበ ሰውም ከ2016 ሕግ ወዲህ የታክሲ ፈቃዱ ከመኖሪያ ፈቃዱ ቀን አያልፍም።

የሥራ ወጪዎን ለግብር ሲያስመዘግቡ በማይል 24 ሳንቲም የሚታሰበውን መንገድ ከመረጡ፣ ነዳጁም ኢንሹራንሱም ጥገናውም በዚያ ውስጥ ተካቷልና ቺንጋውንና ኩሽኔታውን ለብቻ መቀነስ አይችሉም። ብዙ የሚጠግን ሰው እውነተኛውን ወጪ ማሰብ ሊሻለው ስለሚችል፣ ሁለቱንም ቢያንስ ለሦስት ወር በደረሰኝ አስልቶ ያወዳድር። አንዴ በማይል መቁጠር ከጀመሩ በዚያው ሞተር ሳይክል ላይ ወደ ሌላው መመለስ የለም።