ጫማ በእጅ፣ እግር በጭቃ

ክረምት ላይ በምሥራቅ ጎጃም ገጠር የሄደ ሰው፣ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ወደ ገበያ የሚወርድ ገበሬ ማየቱ አይቀርም። ጭቃው ጫማ ይጨርሳል፤ ኮንጎም ቢሆን አጣብቆ ያስቀረዋል። ስለዚህ ሰውየው ከተማው ዳር ሲደርስ እግሩን ከኩሬ ለቅለቅ ያደርግና ያኔ ጫማውን ያጠልቃል። በሬ ጠምዶ ሲያርስማ ጫማ ጭራሽ አይታሰብም። ጫማ ለገበያ፣ ለለቅሶና ለበዓል ይቆጠባል። ዝሆኔ የሚሉት የእግር በሽታ የሚገባው በዚህች ቁጠባ በኩል ነው።

ስሙ ራሱ ያሳስታል። "ዝሆኔ" ተብለው የሚጠሩት ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። አንደኛው ትንኝ የምታስተላልፈው፣ ክር የመሰለ ትል የሚያመጣው የቆላ በሽታ ነው። በደጋና በወይና ደጋ የሚታየው ሁለተኛው ግን ትልም ተሕዋስም የለበትም፤ መነሻው አፈር ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች የገበያ ቀን እየጠበቁ፣ ከሕዝቡ መካከል ያበጡ እግሮችን ይቆጥሩ ነበር። ቀጥሎ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በሽታውን ከእሳተ ገሞራ ከመጣ ቀይ አፈር ጋር አያያዘው፤ ስሙንም ከግሪክኛ "እግር" እና "አቧራ" ወስዶ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። ፕራይስ የሕሙማኑን የብሽሽት ንፍፊት መርምሮ ያገኘው ትል ሳይሆን የማዕድን ብናኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባዶ እግር ዓመታት የቆየ ሰው ቆዳ ውስጥ ደቃቅ የአፈር ብናኝ ይሰርጋል። ብናኙ ሊምፍ የሚባለውን ፈሳሽ ወደ ላይ በሚመልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ ሲጠራቀም ሰውነት ይቆጣል፣ ቧንቧዎቹ ይጠብባሉ፣ ፈሳሹ እዚያው እግር ውስጥ ይቀራል። መጀመሪያ የእግር ጀርባ ያሳክካል፣ ማታ ማታ ውስጥ እግር ያቃጥላል፣ ጣቶቹ ይፈረካከታሉ። ብዙ ሰው ይህን "ድካም ነው" ብሎ ያልፈዋል። እብጠቱ ከጣት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜም ጉልበት ሳይደርስ ይቆማል፤ ሁለቱንም እግር ይይዛል፣ አንዱ ግን ከሌላው ይብሳል። የትንኟ ዝሆኔ ከዚህ በተቃራኒ ብዙውን ጊዜ ከላይ፣ ከብሽሽት አካባቢ ይጀምራል።

ታዲያ ያንኑ ማሳ በባዶ እግር ከሚያርሱ ሁለት ጎረቤታሞች ለምን አንዱ ብቻ ይታመማል? ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ በወላይታ ሰዎች ላይ ሠርተው በ2012 ያሳተሙት ጥናት፣ የሰውነትን መከላከያ የሚመሩ አንዳንድ ዘረ መሎች ተጋላጭነቱን እንደሚጨምሩ አሳይቷል። ቤተሰብ ውስጥ መደጋገሙ ከዚህ የመጣ ነው። መንደርተኛው ግን ለዚሁ መደጋገም የራሱ ትርጉም ነበረው፤ እርግማን ነው፣ ይተላለፋል፣ ከዚያ ቤት ጋብቻ አይገባም። ሐኪም ቤቱም ከመንደሩ ብዙ አይሻልም ነበር። በ2010 በወላይታ ዞን በጤና ባለሙያዎች ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሽታውን ተላላፊ ነው ብለው ያምኑ ነበር። የታመመን ሰው ከሩቅ የሚያናግር ነርስ ካለ፣ ሕመምተኛው ሁለተኛ ያንን በር አይረግጥም።

በአገሪቱ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል። በወላይታ በተሠራ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ሕመምተኛ በዓመት ከሥራ ቀኑ 45 በመቶውን ያጣል።

ሕክምናው ግን ለዚህ ሁሉ መከራ የሚገርም ያህል ተራ ነው። አንድ ሳፋ ንጹሕ ውኃ ይዘጋጃል። እግሩ በሳሙና ታጥቦ፣ ጥቂት ጠብታ በረኪና በገባበት ውኃ ውስጥ ለሩብ ሰዓት ያህል ይነከራል። ከዚያ ዋናው ሥራ ይመጣል፤ በጣቶቹ መካከል ያለው እርጥበት አንድ በአንድ፣ በለስላሳ ጨርቅ ይደርቃል። እዚያ የቀረ እርጥበት ቆዳውን ያልመዋል፣ ስንጥቁ ለተሕዋስ በር ይሆናል። በደረቀው ቆዳ ላይ ቫዝሊን፣ ጣቶቹ መካከል ፈንገስ ካለ ዊትፊልድ ቅባት ይቀባል። ፋሻ ለሚያስፈልገው ከጣት ወደ ጉልበት ይጠቀለልለታል። በመጨረሻ ካልሲና ጫማ። ተቀምጦ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማዟዟርም የሕክምናው ክፍል ነው። ይህ ሁሉ በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ ነው።

ሕሙማን ከእብጠቱ ይበልጥ የሚፈሩት "ሲነሳብኝ" የሚሉትን ነው፤ እግሩ ይግላል፣ ይቀላል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ለቀናት አልጋ ላይ ይጥላል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2018 ውጤቱ የታተመ ሙከራ ይህንኑ ቆጥሯል። እንክብካቤው ገና ያልደረሳቸው ሰዎች በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ ተነሥቶባቸዋል፤ የተንከባከቡት 19.4 ጊዜ። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በወር ሁለቴ ለሚወድቅ ገበሬ ግን አራትና አምስት ጊዜ መቅረቱ አረም የሚታረምበት ሳምንት ሊሆን ይችላል። ሕመሙ በተነሣበት ቀን ፋሻው ይፈታል፣ እንቅስቃሴው ይቆማል፣ እግሩ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ትኩሳቱ ካልበረደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግድ ነው።

ቢላዋስ? ጫማ ማስገባት የከለከለ እባጭ ሲኖር በቀላል ቀዶ ሕክምና ይነሳል። ያበጠውን ሥጋ በሙሉ መቁረጥ ግን ለባዶ እግር ሰው አይመከርም፤ ወደ አፈሩ ሲመለስ እብጠቱም ይመለሳል፣ ያውም በጠባሳ ላይ።

ስለዚህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ጫማ ላይ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ደግሞ የገበያው ጫማ አይጠቅምም። በረባሶ ክፍት ነው፣ አቧራውንም ጭቃውንም ያስገባል። ያበጠ እግር ደግሞ ከመደብር በቁጥር የሚገዛ ጫማ አይገባውም፤ በልኩ መሰፋት አለበት። በወላይታ ከ1998 ጀምሮ ሕሙማንን የሚረዳ ማኅበር ለእንዲህ ያሉ እግሮች ጫማ ሲያሰፋ ኖሯል፤ ሰፊዎቹም አንዳንዶቹ ራሳቸው ሕሙማን የነበሩ ናቸው። ልኩ ሲወሰድ እግሩ ወረቀት ላይ ይቆማል፣ ዙሪያው በእርሳስ ይከበባል። እንክብካቤው ከቀጠለ ያ ክብ ከጊዜ በኋላ ለእግሩ ይሰፋዋል፤ አዲስ ልክ መውሰድ ያስፈልጋል፣ ከፊተኛው ጠበብ ያለ።