ሲሳሳ የሚጠነክር ድርብርብ

መዳብ ለስላሳ ነው፤ አንጥረኛ እንደ ልቡ ይቀጠቅጠዋል። ንጹሕ ኒዮቢየምም ቢሆን ከጠንካሮቹ ተርታ አይሰለፍም። ሁለቱን እያፈራረቁ ቢደራርቧቸው ጥንካሬው በሁለቱ መካከል ይሆናል ብሎ ማሰብ ያባት ነው። ንጣፎቹ ወደ ጥቂት ናኖሜትር ሲሳሱ ግን ግምቱ ይፈርሳል። ለስላሳ መዳብ በአልማዝ ጫፍ ሲወጋ የሚያሳየው ጥንካሬ ከ1 ጊጋፓስካል በታች ሲሆን፣ ድርብርቡ ከ6 ያልፋል። የንጣፎቹን ስስነት ለመገመት፣ የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር እንደሚጠጋ ልብ ይበሉ።

ብረት ሲታጠፍ አቶሞቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይንሸራተቱም። በረድፋቸው መካከል ዲስሎኬሽን የሚባል መስመራዊ ጉድለት አለ፤ አባጨጓሬ ገላዋን በየተራ እያነሣች እንደምትጓዝ፣ እሱም ጥቂት ጥቂት አቶሞችን እያንቀሳቀሰ ያልፋል። ይህን ቴይለር፣ ኦሮዋንና ፖላኒ በ1934 እ.ኤ.አ. ለየብቻቸው አስረድተዋል። ብረትን ማጠንከር ማለት እንግዲህ የዲስሎኬሽንን መንገድ መዝጋት ነው።

በድርብርቡ ውስጥ መንገዱን የሚዘጋው የንጣፎቹ ወሰን ነው። ንጣፉ ከ100 ናኖሜትር በላይ ሲወፍር ዲስሎኬሽኖች ወሰኑ ላይ ይሰለፋሉ፤ በጠባብ በር እንደተኮለኮለ ሕዝብ የኋለኛው የፊተኛውን ይገፋል፣ በመጨረሻም በሩ ይጣሳል። ንጣፉ ሲሳሳ ሰልፉ ያጥራል፣ ግፊቱም ይደክማል። ሆልና ፔች በ1950ዎቹ መጀመሪያ በተራ ብረት ክሪስታሎች ላይ ያገኙት ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ውፍረቱ ወደ ሩብ ሲወርድ ከወሰኖቹ የሚገኘው ተጨማሪ ጥንካሬ እጥፍ ይሆናል።

ከጥቂት አሥር ናኖሜትሮች በታች ለሰልፍ ቦታ የለም። ዲስሎኬሽኑ ብቻውን በሁለት ወሰኖች መካከል ተጣቦ፣ እንደ ቀስት ጎብጦ ይሳባል። መተላለፊያው በጠበበ ቁጥር መጉበጡ ይከብደዋል፤ ስለዚህ ጥንካሬው አሁንም ያድጋል፣ ዕድገቱ ግን የሆልና የፔች ሕግ ከሚተነብየው ያነሰ ነው።

የንጣፉ ውፍረት 5 ናኖሜትር ገደማ ሲደርስ ጭማሪው ይቆማል፤ በአንዳንድ ጥንዶች ጥንካሬው እንዲያውም ይወርዳል። ከዚህ በኋላ የሚወስነው የወሰኑ ጠባይ ነው። መዳብና ኒኬል የአቶም አደራደራቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ዲስሎኬሽን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር ይችላል። የመዳብና የኒዮቢየም አደራደር ግን አይገጥምም፤ ወሰኑም በቀላሉ የሚንሸራተት ነው። ዲስሎኬሽን ሲጠጋው ወሰኑ ራሱ ይንሸራተትና ይውጠዋል። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፦ ድርብርቡን ያጠነከረው የወሰኑ ድክመት ነው።

እነዚህ ንጣፎች በመጀመሪያ የሚሠሩት አየር በተመጠጠበት ሣጥን ውስጥ፣ አቶሞችን በመነስነስ ነበር፤ ሥራው ቀርፋፋ፣ ውጤቱም ስስ ነው። ኋላ በአሜሪካ የሎስ አላሞስ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች የመዳብና የኒዮቢየም ሉሆችን ደራርበው መዳመጥ፣ ቆርጠው እንደገና ደራርበው መዳመጥ ያዙ። በዚህ መንገድ የእያንዳንዱ ንጣፍ ውፍረት 20 ናኖሜትር ገደማ የሆነ፣ በእጅ የሚያዝ ወፍራም ሉህ ሠርተዋል።