ባቄላው ስለ ምን ተቆጣ?

ከቢሮ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ ልጃችሁ «አባባ፣ ንፍሮው እስካሁን ስለ ምን አልበሰለም?» ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? «ዝም በል» ማለት ይቀላል፤ ዳሩ ግን ጥያቄው የፊዚክስ ጥያቄ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ ከረዥም ማብራሪያ ይልቅ የሚያስቅ ግጥም ይገባዋል። ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» እንስሳትን እያናገሩ ምክርን በግጥም እንዳስተማሩን ሁሉ፣ ድስትና ባቄላም ስለ ሳይንስ ሊናገሩ ይችላሉ።

ለምሳሌ አዘዞን እንውሰድ። የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ያለበት ይህ ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ለዚያ ልጆች እንዲህ ብንገጥምላቸውስ?

ባቄላው ከድስቱ ተጣራ ተቆጥቶ፤
«መቶ ሳይሞላለት ፈላ ውሃው ዋሽቶ!»
ውሃውም መለሰ፦ «ሸክሙ ከቀለለ፣
በዘጠና ሦስቱ ያልፈላ ማን አለ?»

ቀልዱ የቆመው በእውነት ላይ ነው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ኃይል ከላዩ ከተጫነው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። በባሕር ጠረፍ ይህ የሚሆነው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ወደ ደጋ በወጣን መጠን ግን አየሩ እየሳሳ፣ ሸክሙም እየቀለለ ስለሚሄድ፣ በአዘዞ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። (ማገዶ ለሚገዛ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።) ባቄላውም የሚዘገየው በዚሁ ምክንያት ነው። ቁጥሩን ከግጥሙ ብታወጡት ሣቁም አብሮ ይጠፋል፤ እኔ መልካሙን የሳይንስ ግጥም የምለየው በዚህ ነው።

ሆኖም ግጥሙ አንድ አደጋ አለበት። ውሃውን ዋሾ ብሎታል። ይህን በቃሉ ያጠና ልጅ «እንግዲያስ የኛ አገር ውሃ ቢፈላም ጀርም አይገድልም፤ ማፍላቱ ከንቱ ድካም ነው» ብሎ ቢደመድም፣ የሣቅንበት ስንኝ ሕመም ሊያመጣ ነው። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኮንኖች በሠለጠኑበት በጎንደር ይህን መሰል ስሕተት በግጥም መዝራት ያሳፍራል። ኮሌራንና የተቅማጥን በሽታ የሚያመጡት ተሐዋስያን ከ93 ዲግሪ በታች እንኳ ይሞታሉ፤ በዚያ ከፍታ ውሃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል ማቆየት ይበቃል። ስለዚህ ውሃው ንግግሩን እንዲጨርስ ሁለት ስንኝ ጨመርሁለት፦

«ባቄላስ ደንዳና ለመብሰል ቢዘገይ፣
ጀርም በኔ ገብቶ በሕይወት አለ ወይ?»

ከአዘዞ ተነሥተው ወደ መተማ ቆላ ቢወርዱ ውሃው የሚፈላው ወደ 98 ዲግሪ ተጠግቶ ነው፤ ባቄላውም ቁጣው ይበርድለታል። ልጆቻችሁ «ራስ ዳሸን ጫፍ ላይስ?» ያሏችሁ እንደ ሆነ «85 ዲግሪ ገደማ» ብላችሁ መልሱላቸው፤ ባቄላው እዚያ ምን እንደሚል ግን ራሳቸው ይግጠሙት።