በጭንቅ ሰዓት የኀይል ቍጠባ በሥጋችን ውስጥ

የቤት ጌታ ጥበቡ የሚታወቀው በጥጋብ ዘመን ሳይሆን በችግር ቀን ነው። ይህም ነገር በሰው ቤት ብቻ ሳይሆን በሰው ሥጋ ውስጥም የሚገኝ መሆኑን ሊቃውንት መርምረው አግኝተውታል።

ሰውነታችን ከተሠራባቸው ሕዋሳት በአብዛኞቹ ውስጥ ሚቶኮንድርያ የሚባሉ፥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። ሥራቸውም ከምንበላው እህልና ከምንተነፍሰው ኦክሲጅን ለሕዋሱ ኀይል ማዘጋጀት ነው። ይህ ኀይል የሚያዝበት ንጥረ ነገር ኤቲፒ ይባላል፤ እንደ እጅ ገንዘብ ነውና ልብ ለመምታት፥ ጡንቻም ለመንቀሳቀስ ከእርሱ ይከፍላሉ።

እንግሊዛዊው ሊቅ ፒተር ሚቸል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. እንዳስረዳው፥ ኦክሲጅን ሳለ ኢንዛይም የተባሉት የሕዋስ ሠራተኞች የሃይድሮጅንን ቅንጣት ከሚቶኮንድርያ የውስጥ ሽፋን ማዶ ያከማቻሉ። የተከማቸውም ተመልሶ ሲገባ፥ ወራጅ ውሃ ወፍጮን እንደሚያዞር፥ ኤቲፒ የሚሠራውን ኢንዛይም ያዞረዋል። ሚቸል ስለዚህ ትምህርቱ በ1978 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

ነገር ግን ደም ወደ ልብ የሚያደርሰው ሥር በተዘጋ ጊዜ ኦክሲጅን ይቋረጣል፤ የወፍጮውም ውሃ ይደርቃል። ያን ጊዜ ኢንዛይሙ ወደ ኋላ መዞር ይጀምራል፤ ኤቲፒን መሥራቱን ትቶ የተሠራውን ያፈርሳል። ሕዋሱ ኦክሲጅን ሲኖረው ከአንድ ግሉኮስ 30 ያህል ኤቲፒ ያገኝ የነበረው፥ ያለ ኦክሲጅን የሚያገኘው 2 ብቻ ነው። እንግዲህ ገቢው እንዲህ በተመናመነበት ሰዓት ጐተራውን የሚሞላው ሠራተኛ ራሱ ጐተራውን የሚያራቍት ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህም ጠባቂ ተመድቦለታል። ሜናርድ ፑልማንና ግላዲስ ሞንሮይ በ1963 ዓ.ም. ከበሬ ልብ ሚቶኮንድርያ ውስጥ፥ ኤቲፒ እንዳይፈርስ የሚከለክል አንድ ትንሽ ፕሮቲን ማግኘታቸውን አስታወቁ። ኦክሲጅን ጠፍቶ የሕዋሱ ውስጥ ኮምጣጣ እየሆነ ሲሄድ ይህ ፕሮቲን ከኢንዛይሙ ጋር ተጣብቆ መዞሩን ይገታዋል፤ ኦክሲጅን ተመልሶ ግፊቱ ሲበረታ ደግሞ ይለቀዋል። ከሚቶኮንድርያ ውጭም ኤኤምፒኬ የሚባለው ኢንዛይም የኤቲፒን መጕደል ዐውቆ፥ እንደ ስብ ማዘጋጀት ያለውን ሊቈይ የሚችል ወጪ ያስቆማል።

ይሁን እንጂ ጠባቂው ይቈጥባል እንጂ አይመግብም። ቍጠባው ጥቂት ጊዜ ይገዛል፤ ደም ካልተመለሰ ግን የልብ ሕዋሳት በአንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ መሞት ይጀምራሉ፤ የሞቱትም እንደ ቈዳ ቍስል በአዲስ አይተኩም።

ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ደረቱን ጨምቆ የያዘው፥ ሕመሙም ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው የወረደ፥ ቀዝቃዛ ላብም ያጠመቀው ሰው በቤትህ ቢገኝ፥ «ዐርፎ ይሻለዋል» ብለህ እስኪነጋ አትጠብቅ፤ ፈጥነህ ወደ ሐኪም ቤት አድርሰው። በውስጡ ያለው ጠባቂ የቈጠበለትን ጥቂት ደቂቃ በከንቱ ማሳለፍ አይገባም።