ምዕራፍ 7፦ የባሕሩን ዕዳ ማን ይቁጠረው?

የባሕር ጠለል ከፍ እያለ መምጣቱን የሚክድ ሰው ዛሬም አይጠፋም። ከእሱ ጋር ብዙ አንቆይም። አይፒሲሲ በሚል ምሕፃር የሚታወቀው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ሳይንቲስቶች ጉባኤ እንዳሰላው፣ ከ1901 እስከ 2018 የዓለም ባሕር በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጥቷል። (በዚህ ምዕራፍ ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የሚያሳስበው ግን ፍጥነቱ ነው። እስከ 1971 ድረስ በዓመት 1.3 ሚሊ ሜትር የነበረው ጭማሪ ከ2006 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 3.7 ሚሊ ሜትር ሆኗል።

ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ከ1971 ወዲህ ከታየው ጭማሪ ግማሽ ያህሉ ከዚህ የመጣ ነው። ቀሪው በአብዛኛው የየብስ በረዶ ቀልጦ ወደ ባሕር የወረደ ነው፦ ከተራሮች፣ ከግሪንላንድ፣ ከአንታርክቲካ። የየብስ ማለቴን ልብ ይበሉልኝ። በባሕር ላይ የሚንሳፈፍ በረዶ ቢቀልጥ ጠለሉን ከፍ አያደርገውም ማለት ይቻላል። ብርጭቆ ውስጥ በረዶ ጨምረው እስከ አፉ ውሃ ቢሞሉበት፣ በረዶው ሲቀልጥ ጠብ የሚል ነገር የለም።

ስንዝር የምታህል ውሃ ማንን ትጎዳለች የሚል ይኖራል። ጎርፍ የሚያመጣው ግን ማዕበል እንጂ አማካዩ አይደለም። መነሻው በስንዝር ከፍ ያለ ማዕበል ትናንት ያልረገጠውን ደጃፍ ይረግጣል። ጨዋማው ውሃም ከመሬት በታች ወደ ጉድጓድና ወደ ማሳ ይሰርጋል፤ ይህን ደግሞ ፎቶ የሚያነሳው የለም።

እንግዲህ የዛሬው ክርክር ባሕሩ ወጣ ወይስ አልወጣም አይደለም። ጉዳቱ ስንት ነው? የማን ጉዳት ይቆጠራል? ማንስ ይከፍላል? እዚህ ላይ ነው ጠበቆችና ኢኮኖሚስቶች የሚተናነቁት።

እኛን ከሚነካው ቦታ እንነሳ። የግብጽ የአባይ ዴልታ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ ተጠርጎ የሄደ አፈር ነው። ግንድ ይዞ ይዞራል የምንለው ወንዝ ከግንዱ ይልቅ ደለል ነው ሲያመላልስ የኖረው፤ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ። ዴልታው በተፈጥሮው ቀስ በቀስ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አዲስ ደለል እየተነጠፈበት ስለነበር ግን አልተሸነፈም። የአስዋን ታላቁ ግድብ በ1970 ሲያልቅ ደለሉ ናስር ሐይቅ ውስጥ ቀረ። ሁለቱ የወንዙ አፎች፣ ረሺድና ዳሚዬታ፣ በባሕር መበላታቸው ተፋጠነ። ረሺድ ላይ ግንብ እስኪሠራ ድረስ የባሕሩ ዳርቻ በኪሎ ሜትሮች አፈግፍጓል። (ለዴልታው መሸርሸር የህዳሴ ግድብን የሚከስ ካጋጠመዎት፣ የህዳሴ ግንባታ የተጀመረው በ2011 መሆኑን ይንገሩት፤ የአስዋን ግድብ ካለቀ 41 ዓመት በኋላ ማለት ነው።)

ስለዚህ እስክንድርያ ዳር አንድ ቤት ሲሰነጠቅ ጥፋቱን ማካፈል ያስቸግራል። ከፊሉ የአስዋን ነው፣ ከፊሉ የመሬቱ መስመጥ፣ ከፊሉ ደግሞ የዓለም ጭስ። ከፋይ እንዲሆን የሚጠየቅ መንግሥት ሁሉ ዓይኑን ወደ ሌሎቹ ሁለቱ ያዞራል፤ ሐሰት ስላልሆነም ክርክሩ አያልቅም። ገበሬው ግን እስኪያልቅ አልጠበቀም። በሰሜን ዴልታ ጨው የገባበትን ማሳ በአሸዋ እየሞሉ ከፍ የሚያደርጉ፣ ጨውን አጥቦ ስለሚያወርድ ሩዝ የሚዘሩ ብዙ ናቸው። የውሃ እጥረት ያሰጋው መንግሥት ደግሞ ሩዝ የሚዘራበትን መሬት ይገድባል። ይህ ሁሉ ወጪ ከገበሬው ኪስ ስለሚወጣ በየትኛውም የአገር ሒሳብ "የባሕር ጉዳት" ተብሎ አይመዘገብም።

በሒሳብ ወደሚመዘገበው ጉዳት እንሂድ። ከ100 ዓመት በኋላ አንድ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቤት በባሕር ይወሰዳል እንበል። እሱን ለማዳን ዛሬ ስንት ብናወጣ ያዋጣል? ኢኮኖሚስቶች የሩቁን ገንዘብ ወደ ዛሬ የሚመልሱበት የቅናሽ ምጣኔ አላቸው። ምጣኔው በዓመት 5 በመቶ ከሆነ ያ ሚሊዮን ብር ዛሬ 7,600 ብር ገደማ ነው። 1.4 በመቶ ከሆነ 249,000 ብር ይደርሳል። ቤቱ ያው፣ ባሕሩ ያው። በ2006 የብሪታንያው ኒኮላስ ስተርን 1.4 አካባቢ ያለውን ይዞ ዓለም ዛሬውኑ ብዙ ያውጣ ሲል፣ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘው አሜሪካዊው ዊሊያም ኖርድሃውስ ምጣኔው ከገበያው ወለድ ጋር አይገጥምም ብሎ ተከራከረው። ከፍ ያለው ምጣኔ የሚቆመው የልጅ ልጆቻችን ከኛ ይበለጽጋሉ በሚል ተስፋ ላይ ነው። በአማካይ ሊሆን ይችላል። ማሳው ጨው የሆነበት ሰው የልጅ ልጅ ግን አማካዩ ውስጥ መኖሩን አላምንም።

ሆላንድ በዚህ ብዙ ታስተምራለች። በ1953 የባሕር ማዕበል ግድቦቿን ጥሶ 1,836 ሰው ገደለባት። ከዚያ በኋላ የሒሳብ ሊቁ ዳቪድ ቫን ዳንትዚህ የግድብን ወጪ ከሚያድነው ንብረት ጋር እያመዛዘነ ተገቢውን ቁመት አሰላ። ሀብት የታጨቀበት የሆላንድ መካከል በ10,000 ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚደርስ ማዕበል እንዲችል ተወሰነ፤ ለሌሎች አካባቢዎች ያነሰ ይበቃል ተባለ። ስሌቱ እንከን የለውም፣ ግን ንብረት ያለው የበለጠ ይጠበቃል ማለት ነው። ሆላንዳውያኑ ራሳቸው ይህ ስላልተዋጠላቸው በ2017 ሌላ መስፈርት አከሉበት፦ ከግድብ ጀርባ የሚኖር ማንም ሰው፣ ድሃም ይሁን ሀብታም፣ በጎርፍ የመሞት ዕድሉ በዓመት ከ100,000 አንድ እንዳይበልጥ። በእኔ ግምት በዚህ ክርክር ውስጥ ከወጡት ሐሳቦች ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ችግሩ ሆላንድ ለራሷ የምትከፍል አገር መሆኗ ነው። ግብጽ በዴልታው ሰሜናዊ ዳርቻ ለ69 ኪሎ ሜትር ዝቅተኛ የአሸዋ መከላከያ ከአረንጓዴ የአየር ንብረት ፈንድ 31 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አግኝታለች። በ2022 ሻርም ኤል ሼክ ላይ በተካሄደው የአየር ንብረት ድርድር ደግሞ አገሮች ለደረሰ ጉዳት የሚከፍል አዲስ ፈንድ እንዲቋቋም ተስማሙ፤ በዓመቱ ዱባይ ላይ 700 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ቃል ተገባለት። ነገር ግን በ2015 ከፓሪሱ ስምምነት ጋር የወጣው ውሳኔ፣ ስለ ጉዳት የሚናገረው አንቀጽ ለተጠያቂነትም ሆነ ለካሳ መሠረት እንደማይሆን በግልጽ አስቀምጧል። ያለ ዕዳ የሚሰጥ ሰው ሲያሻው ይተዋል። አሜሪካ ዱባይ ላይ ቃል የገባችው 17.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2025 ከፈንዱ ቦርድ ስትወጣ የከለከላት ነገር አልነበረም።