ጨለማን በቁጥር ስለ መለካት

ሲመሽ በራሱ የሚበራ፣ ሲነጋም በራሱ የሚጠፋ መብራት መሥራት የመሐንዲሶች ብቻ ሙያ ይመስላል። ነገር ግን የአርት ፋኩልቲ ተማሪም ቢሆን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊሠራው ይችላል። ከባዱ ነገር ሽቦ ማገናኘቱ ሳይሆን «መሸ» የሚባለው መቼ እንደ ሆነ ለመሣሪያው መንገሩ ነው። በሰዓት ይሁን እንዳንል፣ በክረምት ደመናው ሲከብድ ገና በ9 ሰዓት ክፍሉ ይጨልማል።

ዕቃዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ይኸውም አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው ሰሌዳ፣ አንድ ኤል ዲ አር፣ 10 ኪሎ ኦምና 220 ኦም የሆኑ ሁለት ሬዚስተሮች፣ አንድ ትንሽ ኤል ኢ ዲ፣ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳና ጥቂት ሽቦ። አርዱዊኖ በ2005 እ.ኤ.አ. ኢጣልያ ውስጥ በኢቭሬያ ከተማ ሲጀመር የታሰበው ኤሌክትሮኒክስ ላልተማሩ ሰዎች ነበርና የሚያስፈራ ነገር የለውም።

ኤል ዲ አር ብርሃን ሲያርፍበት ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ሲጨልም ግን ይከለክላል። ይህን ጠባይ በ1873 እ.ኤ.አ. ለዓለም ያስታወቀው እንግሊዛዊው ዊሎቢ ስሚዝ ሲሆን፣ ያገኘውም ለባሕር ሥር የቴሌግራፍ ገመድ መፈተሻ በያዘው ሴሌኒየም ላይ ነው።

አንዱ የኤል ዲ አር እግር 5 ቮልት ላይ፣ ሌላው ኤ0 ላይ ይሰካል። ከዚያው ከኤ0 የ10 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ይወርዳል። እንግዲህ ሁለቱ 5ቱን ቮልት ይካፈሉታል፤ ኤ0 የሚያነበውም የሬዚስተሩን ድርሻ ነው። ሰሌዳው ይህን ድርሻ ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ይተረጉመዋል። ኤል ዲ አሩ በብርሃን 1 ኪሎ ኦም ቢሆን ቁጥሩ 930 ገደማ ይሆናል፤ በጨለማ 90 ኪሎ ኦም ቢደርስ ወደ 102 ይወርዳል። ኤል ኢ ዲው ደግሞ ከ9ኛው ፒን በ220 ኦሙ በኩል ወደ ረጅም እግሩ፣ ከአጭር እግሩ ወደ ግራውንድ ይያያዛል። የግድግዳውን 220 ቮልት ግን ከዚህ ሰሌዳ ጋር ማገናኘት ፈጽሞ አይገባም።

የመጀመሪያው ፕሮግራም ቁጥሩን በኮምፒዩተሩ ላይ ከማሳየት በቀር ምንም አይሥራ። በቀትር፣ በ11 ሰዓት፣ መጽሐፍ ማንበብ በሚያስቸግርበት ሰዓት ስንት እንደሚል ይጻፍ። ቁጥርን ከጓደኛ መቅዳት አይበጅም፤ ኤል ዲ አር ሁሉ እኩል አይደለም፣ መስኮትም እንዲሁ።

ማንበብ ያስቸገረው በ300 ነው እንበል። «ከ300 ካነሰ አብራ፣ ከበለጠ አጥፋ» ብለን ብናዝ መብራቱ ምሽት ላይ ይርገበገባል፤ ቁጥሩ 299 እና 301 ላይ ይዋልላልና። እንዲያውም የራሱ ብርሃን ኤል ዲ አሩ ላይ ሲያርፍ ነግቷል ብሎ ይጠፋል፣ ሲጠፋም መሽቷል ብሎ ይበራል። ስለዚህ ድንበሩ ሁለት ይሁን፦ ከ300 ሲያንስ አብራ፤ ከ400 ሲበልጥ አጥፋ፤ በመካከል ሲሆን የነበረውን አትንካ። ይህም ካልበቃው ኤል ዲ አሩን በጥቁር ወረቀት ጠቅልሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ ማዞር ነው።